እርሳስ

ሐዲዱ ያን ጊዜ ድሬ ላይ ነበር የሚያበቃው፤
ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የግመልና የሰው ጫንቃ ነው።
እኔ የቴሌግራም ልጅ፣ ከለገሀር ከዚራ ተመላላሽ፣
የማላነበውን ወረቀት ደረቴ ሥር ሸጉጬ አድራሽ።
ሞት ይሁን ልደት የያዝኩት፣ ዕዳ ይሁን ሹመት፣
የማነበው ከወረቀቱ አልነበረም፤ ከተቀባዩ ፊት።

በልግ ነው። ደቻቱ አሸዋውን ተከናንቦ ተኝቷል፤
ሙሴ ፓንዴሊስ ሱቁ ደጃፍ ወዲያ ወዲህ ይላል።
ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠይቀኝ ከርሞ፣ «ካገሬ ምንም ወሬ የለ?»
በአራተኛው ሰጠሁት። ቀደደው። ፊቱ እንደ ፋኖስ ቦግ አለ።
የሮብሌን አንገት አንቆ ሳመው፦ «ጠራረግናቸው!
ካሥሩ የሸንጎ ወንበር ስምንቱን! ስምንቱን ወሰድናቸው!»
ሮብሌ፣ ዱቄት እንደተሸከመ፣ በዚያ በእርጋታው፣
«የቀሩት ሰዎች መሬት ሊቀመጡ ነው» አለ፣ «ጌታው?»

ማዶ ዳቦ ጋጋሪው ኮስማስ፣ ያገሩ ልጅ፣ የተሸናፊው ወገን፣
መዝጊያውን ጓ አድርጎ ዘጋ፤ ያን ቀን ዳቦ አጣን።

«ሕዝብ ነው የሚሾም» አለን ሙሴ፤ «እጁን ሰዶ፣ በጥይት።»
ዘበኛው ሳቀ፦ «በጥይት መሾምማ ምን ብርቅ ኖሮት!»
«የለም፣ የለም፣ የማይተኮስ!» ሮጦ የሻይ ሣጥን አመጣ፣
ጎኑ ላይ የህንድ ዝሆን በቀይ ቀለም የወጣ።
መሐሉን በሳንቃ ከፈለው፤ ቀኙን በኖራ፣ ግራውን በጥላሸት፤
ክንድ የሚውጥ ቱቦ ገጠመ፤ ውስጡን ብርድ ልብስ አነጠፈበት፣
የእርሳሷ እንክብል ስትወድቅ እንዳትንኳኳ።
«ድምፅ ሲሰጥ ድምፅ አይሰማም» አለ፤ «ጥበቡ ይኸው ነው በቃ።»

በምን ላይ እንስጥ አልነው። ሳቀ፤ ከጠዋት ወይን ቀምሷል።
«የሮብሌ ደሞዝ ይጨመር? ነጩ ይሁን፣ ጥቁሩ ይቅር ይላል።»

ተሰለፍን፤ አሥራ ሁለት። ጆንያ ተሸካሚዎቹ፣ ዘበኛው፣
ሚዛኑን በበቅሎ ጭኖ ከሐረር የወረደው አው ሙሜ፣
ወተት ሻጯ ሃሊሞ። ሙሴ «ሴት እንኳ እዚያ…» ብሎ ሳይጨርስ
እጇ እስከ ክርኗ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ቀሚሷ ላይ ተጠርጓል።

ተራዬ ደረሰ።
እኔን ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ሂድ ነው የማውቀው፣ ና ነው፣
ፍጠን ነው፣ ለምን ዘገየህ ነው።
ክንዴ ጨለማው ውስጥ ገባ።
እዚያ ውስጥ ጌታ የለም፣ ሮብሌም የለም፣
እርሳሷና አምስት ጣት ብቻ።
ከፈትኳቸው።
ምንም አልተሰማም።

ተቆጠረ። አሥራ አንድ ነጭ፤ አንድ ጥቁር።
እልልታው ለገሀር ድረስ ተሰማ፤ ሮብሌን ተሸካሚዎቹ ተሸከሙት፣
እሱም ከላይ ሆኖ፣ «ይቺ ደቻቱ ናት!» ይላል፣ «ይቺ ደቻቱ ናት!
ዝናቡ ደንገጎ ይጥላል፤ እዚህ ጠብ ሳይል፣ ሰማዩ እንደጠራ፣
ይመጣና ፍየሉን ከነጉሮኖው፣ ነጋዴውን ከነኪሱ!»

ወር ሞላ። እጁን ዘረጋ።
ያው አንድ ማርትሬዛ።
«ጨዋታ ነበር እኮ» አለ ሙሴ፣ ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሳ።

ሮብሌ ግን ጨዋታ ነበር ብሎ አላመነም።
«ያ አንዱ ባይኖር ይጨምርልኝ ነበር» እንዳለ ኖረ፣
ሁሉን በዓይኑ እየመዘነ፦ ዘበኛውን፣ አው ሙሜን፣ ሃሊሞን እንኳ፤
እኔ ጋ ሲደርስ ፈገግ ይልና
ከቴምሩ ይቆርስልኛል።

ለምን ወደ ግራ? አርጅቼም አላውቀው።
ቀንቼ ነው? ወይስ እጄ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ
ያልታዘዘውን ሊያደርግ ፈልጎ?

ሣጥኑ ሲፈርስ ከጥላሸቱ በኩል አንስቼ ሰረቅኳት።
ከባድ ናት ለትንሽነቷ።
ስሟ እርሳስ ነው፤ እኔ ግን አልረሳሁም።

አሁን ደቻቱ ዳር ቁጭ ብዬ፣ አሸዋው ደርቆ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣
ከአንዱ መዳፍ ወደ አንዱ አዛውራታለሁ።
ደንገጎ ላይ ግን ደመናው ጠቁሯል፤
ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ከአሸዋው እንዲወጡ
ልጣራ ነው፤ ድምፄ ይሰማ እንደሁ።